ለፍሌቦቶሚ ትምህርት ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፦ ትምህርት ቤትና የሙያ ፈተና አመራረጥ በአሜሪካ

ባለፈው ዓመት አንዲት እህት ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለችልኝ። የፍሌቦቶሚ፣ ማለትም የደም መቅዳት ሙያ፣ ትምህርቷን ከጨረሰች ሁለት ወር ሆኗታል። በወፍራም ወረቀት የታተመ፣ ወርቃማ ማኅተም ያረፈበት ሰርቲፊኬት ይዛለች። ሦስት ቦታ አመልክታ ሦስቱም ቦታ የጠየቋት አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ሰው ላይ ደም ቀድተሻል?» እሷ ሲያለማምዷት የከረሙት በጎማ ክንድ ነው። ሰው ላይ የሞከረችው አራት ጊዜ ብቻ፣ እሱንም የክፍል ጓደኞቿን። የከፈለችው ገንዘብ በሌሊት ፈረቃ ያጠራቀመችው ነበር። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፣ አንድ ቀን እንኳ ከክፍል አልቀረችም። ያጣችው ከመመዝገቧ በፊት የሚነግራት ሰው ነው።

አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከትምህርት ቤቱ ነው። ማስታወቂያ እናያለን፣ እንደውላለን፣ እንከፍላለን፣ ስለ ፈተናውና ስለ ሥራው የምናስበው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፦ መጀመሪያ ሥራውን፣ ቀጥሎ የምትኖሩበትን ስቴት ሕግ፣ ቀጥሎ ፈተናውን፣ በመጨረሻ ትምህርት ቤቱን።

1. ሥራውን በዓይናችሁ እዩት

ፍሌቦቶሚስት ለምርመራ ወይም ለልገሳ ደም የሚቀዳ ባለሙያ ነው። አገር ቤት ይህን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ የላብራቶሪ ባለሙያው ራሱ ወይም ነርስ ስለሆነ «ለዚህ ብቻ ደግሞ ትምህርት አለው ወይ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እዚህ አለው። ሆስፒታል የተቀጠረ ሰው ጎህ ሳይቀድ ገብቶ ከክፍል ክፍል እየዞረ ደም ይቀዳል፣ ዶክተሮቹ ጠዋት ታካሚውን ሲያዩ ውጤቱ መድረስ አለበትና። እንደ ላብኮርፕና ክዌስት ባሉት የምርመራ ድርጅቶች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰው ተራ ይዞ ይጠብቃል። የፕላዝማ ማዕከላት (የደምን ፈሳሽ ክፍል ከሰው የሚቀበሉ ድርጅቶች) እና የአሜሪካ ቀይ መስቀልም ይቀጥራሉ። የፌዴራሉ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ በሜይ 2023 ያወጣው የሙያው መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 41,810 ዶላር፣ በሰዓት 20 ዶላር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ከቤት ኪራያችሁ ጎን አስቀምጡትና አስቡበት።

ከዚያ አንድ ምሽት ኮምፒውተር ላይ ተቀመጡ። ከቤታችሁ በመኪና ወይም በአውቶቡስ የምትደርሱባቸው አሠሪዎች ያወጧቸውን አሥር የፍሌቦቶሚስት ማስታወቂያዎች ክፈቱ። የየትኛውን ድርጅት ሰርቲፊኬሽን ነው የሚጠይቁት? ልምድ ስንት ወር ይላሉ? ፈረቃው ምንድን ነው? ወረቀት ላይ ጻፉት። ይህ ወረቀት ከማንም ምክር ይበልጣል፣ የእኔንም ጨምሮ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። አገር ቤት በላብራቶሪ ሳይንስ ዲግሪ ይዛችሁ፣ ዓመታት ሠርታችሁ የመጣችሁ ሰዎች «ለጊዜው» ብላችሁ ፍሌቦቶሚ ውስጥ ስትገቡ አያለሁ። መግባቱ ነውር የለውም፣ የአሜሪካን ሆስፒታል ከውስጥ ያሳያችኋል። ነገር ግን የመጀመሪያ ሥራችሁ ዲግሪያችሁን ማስገምገም ይሁን። ኤ ኤስ ሲ ፒ የተባለው የፓቶሎጂ ማኅበር የሜዲካል ላብራቶሪ ሳይንቲስት ፈተና ውጭ አገር ለተማሩም መንገድ አለው፣ ደመወዙም ከፍሌቦቶሚስት በእጅጉ የላቀ ነው። የያዛችሁትን እውቀት መሳቢያ ውስጥ ቆልፋችሁ ከዜሮ አትጀምሩ።

2. የስቴታችሁን ሕግ እወቁ

ፍሌቦቶሚስት ለመሆን የስቴት ፈቃድ የግድ የሚባልባቸው አራት ስቴቶች ናቸው፦ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ኔቫዳና ሉዊዚያና። ሎስ አንጀለስ፣ ሲያትልና ላስ ቬጋስ ብዙ ወገን ስላለ ይህ ጉዳይ በቀጥታ ይነካናል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዲሲ፣ ሚኒሶታ፣ ቴክሳስ ወይም ጆርጂያ ለሚኖር ሰው ሕጉ አያስገድድም። ሕጉ አያስገድድም ማለት ግን አሠሪው አይጠይቅም ማለት አይደለም። ያን ምሽት የጻፋችሁትን ወረቀት ተመልከቱት።

ከሁሉም ጥብቅ የሆነው ካሊፎርኒያ ነው። ልምድ የሌለው ሰው 40 ሰዓት የክፍል ትምህርት፣ 40 ሰዓት የተግባር ልምምድ፣ ቢያንስ 50 ጊዜ ከደም ሥርና 10 ጊዜ ከጣት ደም መቅዳት አለበት። በዚያ ላይ ስቴቱ ከተቀበላቸው የሙያ ፈተናዎች አንዱን ማለፍ ይጠበቅበታል። ትምህርት ቤቱም በስቴቱ የሕዝብ ጤና መምሪያ የጸደቀ መሆን አለበት። ስለዚህ ካሊፎርኒያ የምትኖሩ ሰዎች የመምሪያውን የጸደቁ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ሳታዩ ለማንም አንድ ዶላር አትክፈሉ። ዋሽንግተን ስቴት የጤና መምሪያው «ሜዲካል አሲስታንት ፍሌቦቶሚስት» የሚል ማረጋገጫ ይሰጣል። ኔቫዳ በላብራቶሪ ረዳትነት ታስመዘግባለች። ሉዊዚያና ፈቃዱን የሚሰጠው የስቴቱ የሕክምና መርማሪዎች ቦርድ ነው።

ዛሬ ቨርጂኒያ ኖራችሁ ከርሞ ወደ ሲያትል ወይም ወደ ኦክላንድ ለመሄድ የምታስቡ ከሆነ ከአሁኑ ለከባዱ ስቴት የሚበቃ ትምህርት ምረጡ።

3. ፈተናውን ምረጡ፤ «ሰርቲፊኬት» የሚለው ቃል እንዳያታልላችሁ

በአማርኛ ሁለቱንም «ሰርቲፊኬት» ስለምንላቸው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። አንደኛው ትምህርት ቤቱ «ኮርሱን ጨርሳለች» ብሎ የሚሰጠው ወረቀት ነው። ሌላው ደግሞ ራሱን የቻለ ብሔራዊ ድርጅት ፈትኖ የሚሰጠው የሙያ ማረጋገጫ ነው። አሠሪ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። ትምህርት ቤት ስትደውሉ «ሰርቲፊኬት ትሰጣላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ጥያቄያችሁ «የየትኛውን ብሔራዊ ድርጅት ፈተና ለመቀመጥ ታበቁኛላችሁ?» ይሁን።

የታወቁት ብሔራዊ ፈታኝ ድርጅቶች እነዚህ ናቸው። ኤ ኤስ ሲ ፒ፣ ማረጋገጫው ፒ ቢ ቲ ይባላል፣ ትልልቅ ሆስፒታሎች ያከብሩታል። ፈተናው 80 ጥያቄ፣ ሁለት ሰዓት ነው። እየመለሳችሁ በሄዳችሁ መጠን ጥያቄው ይከብዳል፣ ስለዚህ ሲከብዳችሁ አትደንግጡ፣ ደህና እየሄዳችሁ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ማለፊያው በራሱ መለኪያ 400 ነው። ማረጋገጫው በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል።

ኤን ኤች ኤ የሚሰጠው ሲ ፒ ቲ ይባላል። በግል ትምህርት ቤቶች በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። ለመቀመጥ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያና ኮርስ ያስፈልጋል፣ በተጨማሪ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ቢያንስ 30 ጊዜ ከደም ሥርና 10 ጊዜ ከጣት መቅዳታችሁ መረጋገጥ አለበት። በየሁለት ዓመቱ 10 የተከታታይ ትምህርት ነጥብ አሟልታችሁ ታድሳላችሁ። ኤ ኤም ቲ የሚሰጠው አር ፒ ቲ ደግሞ 50 ከደም ሥርና 10 ከጣት ይጠይቃል። ኤን ሲ ሲ ቲም አለ።

የትኛው ይሻላል? ወረቀታችሁ ላይ ደጋግሞ የተጻፈው። አሥሩም ማስታወቂያ «ከእነዚህ አንዱ» የሚል ከሆነ ግን እኔ ኤ ኤስ ሲ ፒን እመርጣለሁ። መንገዱ ትንሽ ይረዝማል፣ ነገር ግን ነገ ወደ ላብራቶሪ ሙያ ለማደግ ለምታስቡ ያው ድርጅት ነው የሚቀበላችሁ።

4. ትምህርት ቤቱን መርምሩ

ከሁሉም በላይ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ከመመረቄ በፊት ስንት እውነተኛ ታካሚ ላይ፣ የት ሆኜ፣ ደም እቀዳለሁ?»

ለምን እንደዚህ አጥብቄ እንደምናገር በአንድ ክንድ ላሳያችሁ። የጎማ ክንዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ደም ሥሩ አይንሸራተትም፣ አይጠፋም፣ ክንዱ አይፈራም። የመጀመሪያ ሳምንቴ ላይ አንዲት እማማ መጡልኝ፣ የሰማንያ ዓመት ሰው፣ ቆዳቸው ጠይም፣ ስስ። ዐይኔን ብተክል ምንም ደም ሥር አይታየኝም። አሠልጣኜ ዐይኔን እንድጨፍን ነገረችኝ። ጓንቴን እንዳደረግሁ በጠቋሚ ጣቴ የክርናቸውን መታጠፊያ በዝግታ ስዳስስ፣ ከቆዳው ሥር እንደ ለሰለሰ ጎማ ተጭኖ የሚመለስ ነገር አገኘሁ። ጅማት ግን ሲነኩት ይደርቃል፣ አይመለስም። ያን ልዩነት ጣት ነው የሚማረው፣ መጽሐፍ አያስተምረውም። የመርፌው አፍ ተቆርጦ የሾለው ጎን ወደ ላይ ሆኖ፣ መርፌው ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ዘምበል ብሎ ሲገባ እማማ እንኳ አልተሰማቸውም። «ጨረስሽ እንዴ?» አሉኝ።

ኤን ኤ ኤ ሲ ኤል ኤስ የተባለው የላብራቶሪ ትምህርት ዕውቅና ሰጪ አካል ያጸደቃቸው የፍሌቦቶሚ ፕሮግራሞች ተማሪው ያለ ማንም እርዳታ 100 ጊዜ በተሳካ ሁኔታ እንዲቀዳ ይጠይቃሉ። ይህን ቁጥር መለኪያ አድርጉት። ትምህርት ቤታችሁ ይህ ዕውቅና ባይኖረውም እንኳ 100 የሚል ከሆነ ጥሩ ነው፣ 50 ከሆነ ይሄዳል፣ 30 ከሆነ ጠርዝ ላይ ነው። «ክፍል ውስጥ እርስ በርሳችሁ ትለማመዳላችሁ» ካሏችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ሲደወልላችሁ ወይም በአካል ስትሄዱ የሚከተሉትን ጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ እንዲልኩላችሁም ለምኑ፦

የተግባር ልምምዱ የሚሰጠው በየትኛው ሆስፒታል ወይም ላብራቶሪ ነው? ስሙን ይንገሯችሁ። «ብዙ አጋሮች አሉን» መልስ አይደለም።
ቦታውን የሚፈልገው ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ ተማሪው ራሱ? ክፍሉ ካለቀ በኋላ ምን ያህል ያስጠብቃል?
አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ይይዛል? አስተማሪው ራሱ ሰርቲፋይድ ነው? አሁንም ይሠራል?
ካለፈው ዙር ተማሪዎች ስንቱ ብሔራዊ ፈተናውን አለፉ?
የቀዳችሁት ቁጥር የሚመዘገብበት ሎግ ማን ይፈርምበታል? ቅጂው ለተማሪው ይሰጣል?

በኦንላይን ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ንድፈ ሐሳቡን ለመማር ክፋት የለውም፣ በተለይ የሌሊት ሥራ ላላችሁና ልጅ ለምታሳድጉ። የክፍሉ ትምህርት በኦንላይን፣ ልምምዱ በአካል የሆነ ፕሮግራም ሁነኛ ምርጫ ነው። ጭራሽ ልምምድ የሌለው ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን አትናቁ። ብዙ ጊዜ ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ከአካባቢው ሆስፒታሎች ጋር የቆየ ግንኙነት አለው፣ ከፊሉም ወደ ሌላ ዲግሪ የሚቆጠር ክሬዲት ይሰጣል። ጉዳቱ ተራው ነው፣ አንዳንዴ አንድ ሴሚስተር መጠበቅ ግድ ይላል። የግል ትምህርት ቤት ከመረጣችሁ ስቴቱ ፈቃድ ሰጥቶት እንደሆነ አረጋግጡ። ሜሪላንድ ላይ የምትጠይቁት የስቴቱን የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን፣ ቨርጂኒያ ላይ የስቴቱን የከፍተኛ ትምህርት ምክር ቤት ነው። ፈቃድ ያለው ትምህርት ቤት ቢዘጋ ወይም ቢያታልል አቤት የምትሉበት ቦታ አላችሁ።

5. ወረቀታችሁን ከወዲሁ አሟሉ

የሚዘገየው ትምህርቱ ሳይሆን ወረቀቱ ነው።

የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያችሁን የናሴስ (የውጭ አገር የትምህርት ማስረጃ ገምጋሚዎች ማኅበር) አባል በሆነ ድርጅት አስገምግሙ። ወረቀቱ ከአገር ቤት እስኪመጣ ወራት ሊፈጅ ይችላልና ዛሬውኑ ዘመድ ላኩ። ጭራሽ ካልተገኘ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያን የሚተካው ጂ ኢ ዲ አለ፣ አራት ፈተና ነው፦ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ጥናት።

ስማችሁ። የእኛ ስም አሠራር እዚህ አገር ፈተና ነው። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም በመጨረሻ ይገባል፣ «ጸሐይ» በሦስት ዓይነት የእንግሊዝኛ ሆሄያት ትጻፋለች። የፈተና ማዕከሉ በር ላይ መታወቂያችሁና ማመልከቻችሁ በአንድ ፊደል ቢለያይ ሊመልሷችሁ ይችላሉ። ስለዚህ ለትምህርት ቤቱም ለፈተናውም ስትመዘገቡ ልክ መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ።

ክትባትና ምርመራ። ልምምድ የሚያስገባችሁ ሆስፒታል የሄፓታይተስ ቢ፣ የኩፍኝና የጉድፍ፣ የቲቢ፣ በጉንፋን ወቅትም የኢንፍሉዌንዛ ወረቀት ይጠይቃል። የወንጀል ታሪክና የአደገኛ ዕፅ ምርመራም አለ። የሄፓታይተስ ቢ የተለመደው ክትባት ሦስት ዙር ሆኖ ስድስት ወር ይፈጃል። በአንድ ወር ልዩነት በሁለት ዙር የሚያልቅ ዓይነትም ስላለ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ስለ ቲቢ ለብቻው ልናገር። አብዛኞቻችን አገር ቤት በልጅነታችን ቢ ሲ ጂ ተከትበናል፣ ክንዳችን ላይ ጠባሳው አለ። በዚህ ምክንያት ቆዳ ላይ የሚወጋው የቲቢ ምርመራ ሳንታመም ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል፣ ያኔ ድንጋጤው፣ ኤክስሬዩ፣ የልምምዱ ቀን ማለፉ ይከተላል። ገና ሲጀመር «ቢ ሲ ጂ ተከትቤአለሁ፣ በደም የሚደረገውን ምርመራ እፈልጋለሁ» በሉ። ኳንቲፌሮን የሚባለው የደም ምርመራ በቢ ሲ ጂ አይሳሳትም።

6. ገንዘቡ

እንደ ቦታው ከ1,000 ዶላር በታች የሚጀምሩም፣ ከ3,000 የሚያልፉም አሉ። ዋጋ ስትጠይቁ የተካተተውንና ያልተካተተውን ሁሉ ይዘርዝሩላችሁ፦ መጽሐፍ፣ ዩኒፎርም፣ የሲ ፒ አር (ልቡ የቆመን ሰው የማዳን) ኮርስ፣ የተማሪ ኢንሹራንስ፣ የፈተና ክፍያ። ርካሽ የተባለው ኮርስ የፈተናውን ክፍያ ለብቻ ሲያስከፍል ልዩነቱ ይጠፋል።

ከኪሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ያለውን የአሜሪካን ጆብ ሴንተር (ሥራ ፈላጊዎችን የሚረዳ የመንግሥት ቢሮ) ጎብኙ። ዊዮአ በሚባለው የፌዴራል ፕሮግራም ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ወይም ከሥራ ለተቀነሰ ሰው የኮርስ ክፍያ ይሸፍናሉ፣ ግን በስቴቱ ዝርዝር ውስጥ ላሉ ትምህርት ቤቶች ብቻ ነው። ፔል ግራንት የተባለው የማይመለስ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ቀድሞ ከ600 ሰዓት በታች ለሆኑ ኮርሶች አይሰጥም ነበር። በ2025 የወጣው ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከ150 ሰዓትና ከ8 ሳምንት ያላነሱ አጫጭር ኮርሶችን አካቷል። የናንተ ኮርስ ይግባ አይግባ የኮሌጁን የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ጠይቁ። ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት፣ በምግብ ቤት ወይም በነርስ ረዳትነት (ሲ ኤን ኤ) የምትሠሩ ደግሞ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቁ። ለሠራተኞቻቸው ትምህርት የሚከፍሉ፣ እንዲያውም ራሳቸው የሚያሠለጥኑ አሉ።

ውሉን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ቅናሹ ያልፋል» የሚል ትምህርት ቤት ነገም የሚላችሁ ያንኑ ነው። የገንዘብ ተመላሽ አንቀጹን ፈልጉ፦ ልምምድ ቦታ ባይገኝ ምን ያህል ይመለሳል?

7. ለፈተናው ስትዘጋጁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የቱቦዎቹ ቅደም ተከተል ላይ ነው፣ ማለትም በክዳናቸው ቀለም የሚለዩት ቱቦዎች በየትኛው ተራ እንደሚሞሉ። መጀመሪያ የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ጀርም የሚፈለግበት) ጠርሙስ፣ ቀጥሎ ውሃ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቀይ ወይም ወርቃማ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ በመጨረሻ ግራጫ። በቃል ከመሸምደድ ምክንያቱን ያዙት። ሐምራዊው ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢ ዲ ቲ ኤ ፖታሲየም አለበት። ከእሱ ጥቂት ወደ ወርቃማው ቢያልፍ የታካሚው ፖታሲየም በሐሰት ከፍ፣ ካልሲየሙ በሐሰት ዝቅ ይላል። ሐኪሙ ልቡ አደጋ ላይ ነው ብሎ ጤነኛ ሰው ሊያክም ይችላል። ይህን አንድ ጊዜ የገባው ሰው ቅደም ተከተሉን አይረሳም።

ማሰሪያው ክንድ ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይ። አልኮሉ ሳይደርቅ አትውጉ። ስምና የልደት ቀን ታካሚው ራሱ ይንገራችሁ፣ እናንተ አንብባችሁ «ነዎት?» አትበሉ። ቱቦው ላይ ስም የሚለጠፈው ደሙ ከተቀዳ በኋላ፣ ታካሚው አጠገብ ሆናችሁ ነው። አንዳንድ አረጋውያን ወገኖቻችን የልደት ቀናቸውን በእኛ አቆጣጠር ሲናገሩ ከሰነዱ ሰባት ስምንት ዓመት ይለያል፣ ይህ ቀልድ ሳይሆን የሰው ማንነት ጉዳይ ስለሆነ እስኪጣራ ድረስ መርፌ አታንሱ። ደግሞ «ለምርመራ ጹሙ» ሲባሉ ውሃም የሚተዉ አሉ። ባዶ ውሃ እንደሚፈቀድ ካልነገርናቸው ደም ሥራቸው ጠፍቶ እነሱም እናንተም ትቸገራላችሁ።

ቋንቋው ያስፈራችሁ ከሆነ የቃላቱን ዝርዝር በትንሽ ካርድ ጽፋችሁ በአውቶቡስ ላይ አጥኑ። ፈተናው ረጅም ድርሰት አያጽፍም፣ ሁሉም ምርጫ ነው። ኮርሱን እንደጨረሳችሁ በአንድ ወር ውስጥ ተቀመጡ፣ እጅም ጭንቅላትም ይረሳል። የኤን ኤች ኤን የወደቀ ሰው 30 ቀን ጠብቆ ይደግማል።

8. የመጀመሪያው ሥራ

ያለ ልምድ ሆስፒታል ካልተቀበላችሁ የፕላዝማ ማዕከላትና ቀይ መስቀልን ሞክሩ። አዲስ ሰው ደመወዝ እየከፈሉ የሚያሠለጥኑባቸው ቦታዎች አሉ። የሲልቨር ስፕሪንጓ እህትም በመጨረሻ የገባችው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፣ አሁን በቀን የምትቀዳው ሰው ትምህርት ቤቷ በስድስት ሳምንት ካሳያት ይበልጣል።

የተፈረመበትን የልምምድ ሎጋችሁን ከትምህርት ቤቱ በወጣችሁበት ቀን ፎቶ አንሡት፣ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት፣ አንድ ቅጂም ቤት አስቀምጡ። የግል ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ አስተማሪ ይቀየራል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ስቴት ስትሄዱ ያንን ወረቀት የሚጠይቃችሁ ሰው ይኖራል።